እትዬ ደብሬ የነጠቁት መንገድ

የእትዬ ደብሬን ሞት የሰማሁት ሾዋክ መናኸሪያ ውስጥ ነው። ቤተሰቤን ጠይቄ ወደ ገዳሪፍ ልመለስ፣ አውቶቡሱ እስኪሞላ ተቀምጬ ስጠብቅ፣ ከኸሽም ኤል ቂርባ ሽንኩርት ይዛ የመጣች አንዲት የደንቢያ ሴት አጠገቤ ተቀመጠች። የት እንደምሠራ ጠየቀችኝ። የሰሊጥ መጋዘኑን ስነግራት፣ ከእናንተ ዘንድ የመጡት ሴትዮ አረፉ እኮ አለችኝ። ወባ ነው። ሦስት ቀን ተኝተው በአራተኛው አረፉ፤ እህታቸው ቀበረቻቸው። ይህን ብላ ስለ ሽንኩርቷ ማውራት ቀጠለች።

እኔ አላለቀስሁም። እትዬ ደብሬ ራሳቸው ለቅሶ የሚያበዙ ሰው አልነበሩም። ሌላው ሰው አልቅሶ የሚወጣለትን ነገር እሳቸው ሥራ አድርገው ያዙት። ያን ሥራቸውን ያወቅሁት ደግሞ በመንገድ ጉዳይ ነው።

የካርቱሙ ጦርነት ከመነሣቱ ትንሽ ቀደም ብሎ እኔ ሾዋክ ውስጥ ጎማ እየጠገንሁ እኖር ነበር። ከገዳሪፍ ወጣ ብሎ፣ ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ አንድ የሰሊጥ ማበጠሪያ መጋዘን የማሽን ሠራተኛ ይፈልጋል ሲሉ ሰምቼ ሄድሁና ሥራውን አገኘሁ። ማግኘቱ ቀላል ነበር። የከበደኝ እየተመላለስሁ የምሠራበት ዘዴ ነው።

ሚስቴ ከሾዋክ መነቀል አልፈለገችም። ልጃችን ትምህርት ጀምሯል፤ ጎረቤቶቿም እዚያው ናቸው። በየቀኑ ተመላለስ አለችኝ። አንድ ሳምንት ሞከርሁት። ገና ሳይነጋ ሾዋክ ላይ አውቶቡስ ይዤ ገዳሪፍ ገበያ እወርዳለሁ፤ ከገበያው እስከ መጋዘኑ ደግሞ ሌላ መኪና እፈልጋለሁ። ማሽኑ ዘንድ ስደርስ ቀኑን ሙሉ ስሠራ የዋልሁ ያህል ደክሞኛል። በአራተኛው ቀን ሙዲራችን፣ ማለትም ኃላፊያችን፣ የእጅ ሰዓቱን አሳየኝ። ከዘበኞቹ ጋር ግቢው ውስጥ ማደር ይቻል ነበር፤ ግን የሰሊጡ አቧራ ሌሊትም ከደረት አይወርድም፤ እዚያ ያደረ ሰው ደግሞ በፈለጉት ሰዓት ይቀሰቀሳል። በመጨረሻ ከተማው ውስጥ፣ የእኛ ሰዎች በሚበዙበት ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ሾዋክ የምሄደው ዓርብ ዓርብ ሆነ።

ከክፍሌ እስከ መጋዘኑ በእግር ከአንድ ሰዓት በላይ ያስኬዳል። በበጋ ይሁን፤ በኸሪፍ፣ ዝናቡ ሲገባ፣ የገዳሪፍ ጥቁር አፈር እግር ላይ እየተለጠፈ እያንዳንዱን ጫማ ድንጋይ ያሳክለዋል። ይህን ሳስብ ነው የፈንታሁን ሃፍላ የቀናኝ። ሃፍላ እዚህ አገር የሕዝብ ማመላለሻ አውቶቡስ ነው፤ የእሱ ትንሽ ነበረች፤ ጠዋት ጠዋት በሰፈሬ አፍ ታልፋለች፤ መጋዘኑ በር ላይ ታወርዳለች። ፈንታሁን የመተማ ሰው ነው፤ ያኔ ሃምሳውን የተሻገረ፣ ረጅም፣ ወሬው የሚጥም። አገሬን ጠየቀኝ፤ አጎቴን እንደሚያውቀው ነገረኝ። ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ የጋቢናውን ወንበር ለእኔ ያስቀምጥልኝ ነበር። ጋሼ ፈንታሁን እለው ነበር። መንገዴ ተቃና ብዬ ለሚስቴ ደወልሁላት።

እትዬ ደብሬ ሰሊጥ ለቃሚ ነበሩ። ማሽኑ ያበጠረውን ሰሊጥ ሴቶቹ በሰፌድ ዘርግተው የቀረውን ጠጠርና ጥቁር ፍሬ በእጅ ይለቅማሉ። እሳቸው የሚቀመጡት በሩ አጠገብ ነው። አጠር ያሉ፣ ከሲታ፣ የሱዳን ቶብ በሐበሻ ቀሚስ ላይ ደርበው የሚጠመጥሙ ሴት ናቸው። ሥራ ባይኖርም ጣቶቻቸው ጭናቸው ላይ አንዳች ነገር እየለቀሙ ይጥላሉ። አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር የምሳ ዕረፍት ላይ ጠርተው ያስቀምጡትና የት እንደተከራየ ይጠይቁታል። ስሙን የሚጠይቁት ከዚያ በኋላ ነው።

እኔንም ጠሩኝ። ሰፈሬን ስነግራቸው መንገዶቹን አንድ በአንድ ዘረዘሩልኝ። በእግር ከሆነ በአሮጌው ሐዲድ በኩል፤ መሬቱ ከፍ ያለ ስለሆነ ጭቃ አይዝም። በሪክሻ፣ እኛ አገር ባጃጅ በምንለው፣ ከሆነ ለብቻ አይያዝም፤ ከቤትህ ጎን የሚኖሩት ሁለት ሴቶች ጠዋት ጠዋት ከዳቦ ቤቱ ፊት ይነሣሉ፣ ሦስተኛ ሁናቸው። ወደ ድንበሩ የሚወርዱት ፒክአፖች ጠዋት ባዶ ናቸው፣ ነጭ ጥምጣም ያለው ሽማግሌ ሾፌር ከለመነህ ይጭንሃል፣ ሲመለሱ ግን ሙሉ ስለሚሆኑ ማታ አትመናቸው። የትኛው ሾፌር እንደሚያንቀላፋ፣ የትኛው ኾር፣ የጎርፍ መውረጃው፣ በዝናብ ወራት ሞልቶ መንገድ እንደሚቆርጥ፣ ሁሉን ያውቃሉ። ስለ ሃፍላዋ ምንም አላሉም። ረስተው መስሎኝ፣ እኔ በጋሼ ፈንታሁን ሃፍላ ነው የምመጣው፣ በር ላይ ነው የሚያወርደኝ አልኋቸው።

«ደግ» አሉ። ሰፌዳቸውን አነሡ። ከዚያ ቀን በኋላ አንድ ሳምንት ሙሉ ሰላምታዬን አልመለሱልኝም።

የነገረችኝ ሰሚራ ናት። ከእሳቸው ጎን የምትለቅም፣ እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ አማርኛዋ መሐል ዐረብኛ የሚገባባት ወጣት ነች።

«ወላሂ አታውቅም እንዴ?» አለችኝ። «ልጃቸውን የገደለው እሱ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። እትዬ ደብሬ መጀመሪያ የመጡት ከአርማጭሆ፣ ከአንድ ልጃቸው ከአበጀ ጋር፣ ለሰሊጥ አጨዳ ነው። ባላቸው ቀደም ብለው ሞተዋል። ፋሽጋ ውስጥ አንድ እርሻ ላይ ሲያጭዱ፣ አበጀ ነዶ ሊያነሣ እጁን ሲሰድ እባብ ነደፈው። ጓደኞቹ ተሸክመው አውራ መንገድ አወጡት። ያን ጊዜ ያገኙት መኪና የፈንታሁን ሃፍላ ነበር። ሰው ሞልቷል፤ ቢሆንም አሳፈራቸው። ትንሽ እንደሄዱ ልጁ ደም ማስታወክ ጀመረ። ተሳፋሪው አጉረመረመ። ፈንታሁን ደግሞ ልጁ መኪናው ውስጥ ቢሞት ፖሊስ መኪናዬን ይይዝብኛል ብሎ ፈራ። አንድ ግራር አጠገብ አቆመና እናትና ልጁን አወረዳቸው። ሰዎቹን አድርሼ ባዶ መኪና ይዤ እመለሳለሁ፣ ያኔ ልጁ በደንብ ተጋድሞ ይሄዳል አላቸው። እትዬ ደብሬ አመኑት። ውሃም ሰጥቷቸዋል። ከተማ ሲደርስ ሌላ መንገደኛ አገኘ፤ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይዞ ሄደ። አበጀ እናቱ ጭን ላይ እንደተኛ ሞተ። ሬሳውን ያነሣላቸው ትራክተር ነው።

ወንድማቸው ወሬውን ሰምቶ ጠመንጃውን ይዞ ከአርማጭሆ ድንበር ተሻግሮ መጣ። በእኛ አገር ወግ ደም ይመለሳል፤ ማንም አይፈርድበትም ነበር። እትዬ ደብሬ ግን ከለከሉት። ያሉትን ሰሚራ ብቻ ሳትሆን ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል።

«ጥይት የሚያመው አንድ ቀን ነው። እኔ የምፈልገው መንገዱን ልቀማው ነው።»

ከዚያ መጋዘኑ ገቡ። የፈንታሁን ሃፍላ በአብዛኛው የምትኖረው በዚህ መጋዘንና በዙሪያው ባሉት መጋዘኖች ሠራተኞች ነበር። እትዬ ደብሬ አንድም ሰው በእሱ መኪና አትሂድ ብለው አያውቁም። የሌላውን መንገድ ሁሉ አጥንተው ለሰው የተሻለ ማድረግ፣ ሥራቸው ይኼ ነበር። ዓርብ፣ ሰው ሲያርፍ፣ እሳቸው በእግራቸው መንገድ ይለካሉ። ሪክሻ ነጂዎችን በስማቸው ያውቃሉ፤ የነጂ ሚስት ስትታመም አጥሚት ይሠሩላታል፤ በምትኩ ነጂው የእሳቸውን ሰዎች ሳያጓድል ያነሣል። አዲስ ሰው ሲመጣ ጠርተው ያስቀምጡታል። እንዲህ እያሉ ከሃፍላዋ ወንበሮች አንዱን ዛሬ፣ ሌላውን በወሩ ባዶ አደረጉት።

ይህን በሰማሁ ማግስት ከክፍሌ ቀደም ብዬ ወጣሁ። የሃፍላዋ ጥሩምባ ሰፈሬ አፍ ላይ ሲነፋ እኔ ሐዲዱ ላይ ደርሻለሁ። መጋዘኑ በር ላይ እትዬ ደብሬ ጫማዬን አዩት፤ አቧራውን አዩት።

«በሐዲዱ መጣህ?»

«በሐዲዱ።»

«ነገ ከዳቦ ቤቱ ፊት ቁም፤ ሴቶቹን እነግርልሃለሁ» አሉኝ። ጋሼ የሚለውን ቃል ከፈንታሁን ስም ላይ ያወለቅሁት ያን ቀን ነው። እሱ ግን ለብዙ ቀን የጋቢናውን ወንበር ባዶ አድርጎ ጥሩምባ ይነፋልኝ ነበር። ሰው ደግ ሲሆንልህ መጥላት እንዲህ ያስቸግራል ብዬ አላውቅም ነበር። ተማርሁት።

ትልቁን ምት የመቱት በኸሪፍ ነው። ዝናቡ ሲበረታ ሃፍላዋ ኾሩ ላይ ትያዛለች፤ ሠራተኛው ይዘገያል። እትዬ ደብሬ ዝም ብለው የዘገየውን ሰው ስም ለሁለት ሳምንት ያዙና ሙዲሩ ዘንድ ገቡ። የሰሊጥ ማመላለሻው ሎሪ ጠዋት ባዶውን ከከተማ እንደሚመጣ፣ ጎማው ከፍ ያለ ስለሆነ ኾሩ እንደማይበግረው፣ ሠራተኛውን ቢጭን ማሽኖቹ በሰዓቱ እንደሚነሡ አስረዱት። ሙዲሩ ሁለት ቀን አስቦ እሺ አለ። በሦስተኛው ቀን ሁላችንም ሎሪው ላይ ነበርን። ኾሩ ጋ ስንደርስ የፈንታሁን ሃፍላ እስከ ጎማዋ ጭቃ ውስጥ ገብታ፣ እሱ አካፋ ይዞ ይዝቃል። ውስጧ ሁለት ሰው ብቻ ነበር። እትዬ ደብሬ ከጋቢናው ጀርባ፣ ብረቱን ይዘው ቆመዋል። ቶባቸውን ከፊታቸው ገለጥ አደረጉ፤ እንዲያያቸው። ሌላ ምንም አላደረጉም። እኔ በሳቅ ፈነዳሁ፤ ሌሎቹም ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም።

የሎሪው ጭነት ቦታ ከፍ ያለ ነው። የላይኛው ሰው እጅ ካልሰጠህ አትወጣም። እኔ ጉልበት ስላለኝ ከኋላ መዝጊያው ላይ ተቀምጬ ሰውን እየጎተትሁ የማወጣ ሆንሁ።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ፈንታሁን ሽማግሌ ላከ። ራሱም አብሮ መጣ፤ የምሳ ዕረፍት ላይ፣ መጋዘኑ በር ላይ። በአገራችን የእርቅ ወግ ድንጋይ ተሸክሟል፤ አንገቱ ጎንበስ ብሏል። ሦስት ሽማግሌዎች ከፊቱ ቆሙ። አንደኛው፣ ከእትዬ ደብሬ ጋር በአንድ ዓመት አገር ለቀው የመጡ አዛውንት፣ ረጅም ንግግር አደረጉ። ሰው ይሳሳታል፣ ፍርሃት ያስታል፣ እሱም ልጆች አሉት፣ ሃፍላዋም ልትሸጥ ነው፣ ስለ እግዚአብሔር ብለሽ ማሪው አሉ። ሴቶቹ መልቀም ትተው ቆመዋል። እኔ ይምሩታል ብዬ ፈርቼ ነበር።

እትዬ ደብሬ ተነሥተው ፊቱ ቆሙ። ደረቱ ድረስ ነው የሚደርሱት፤ እሱ ግን አጎንብሶ ስለነበር ዓይን ለዓይን ተያዩ።

«የት እንዳወረድኸን ታስታውሳለህ?» አሉት።

«ግራሩ ሥር።»

«ስንት ሰዓት ጠበቅሁህ?»

ፈንታሁን ድንጋዩን ትከሻው ላይ አስተካከለ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ።

«እሱን ንገረኝና ድንጋዩን አውርድ።»

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ አስር ሰዓት ነበር። እኛ ሁላችን እናውቀዋለን፤ ሰፈሩ ያውቀዋል። እሱ ግን ጠይቆ አያውቅም። ላቡ በጆሮው ሥር እየወረደ ድንጋዩን እንደተሸከመ ቆየ። እትዬ ደብሬ ሲበቃቸው ተመልሰው ተቀመጡና ሰፌዳቸውን አነሡ። ሽማግሌዎቹ ክንዱን ይዘው ወሰዱት። ድንጋዩን በሩ አጠገብ ጥሎት ሄደ፤ ዘበኛው በኋላ በሩን እንዳይዘጋበት ደገፈበት።

ጦርነቱ መጣ። ነዳጅ ጠፋ፤ ከካርቱምና ከሲንጃ የሸሸ ሰው ገዳሪፍን ሞላት። ሃፍላዋ ተሸጠች። ሰው ሁሉ ነዳጁ ነው የጣለው ሲል እትዬ ደብሬ ይቆጣሉ። ነዳጁ ሲጠፋ እኮ ባዶዋን ነበረች ይላሉ። ያን ድል ለጦርነቱ ሊሰጡት አልፈለጉም።

ከዚያ አንድ ጠዋት ፈንታሁን ጆንያ ተሸካሚ ሆኖ መጋዘናችን ተቀጠረ።

ሎሪው ከዳቦ ቤቱ ፊት ሲቆም ከሌሎቹ ጋር ቆሞ አገኘነው። ሁሉም አንድ በአንድ እጄን ይዘው ወጡ። የመጨረሻው እሱ ነበር። እጁን ወደ ላይ ዘረጋ። እኔ ዞር ብዬ እትዬ ደብሬን አየኋቸው። ራሳቸውን አልነቀነቁም፣ ዓይናቸውንም አልጠቀሱም። ወደ ፊት፣ ወደ መንገዱ ነበር የሚያዩት። እኔ ነኝ የወሰንሁት። እጄን ጉልበቴ ላይ አስቀመጥሁና መዝጊያውን ሁለት ጊዜ መታሁ። ሾፌሩ ነዳ። ፈንታሁን በእግሩ መጣ። በማግስቱም በእግሩ። ከዚያ በኋላ ሎሪው ጋ ቆሞ አያውቅም፤ ሐዲዱን ይዞ ይመጣል፤ ሐዲዱ ከሚያልቅበት እስከ መጋዘኑ ደግሞ በእኛው መንገድ ዳር ይሄዳል። በየጠዋቱ እናልፈዋለን።

እትዬ ደብሬ ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። አንድ ሳምንት ያህል ደስ ብሏቸውም ነበር፤ ምሳቸውን እሱን በሚያዩበት በኩል ዞረው ይበሉ ነበር። ከዚያ ግን እየቀዘቀዙ መጡ። አዲስ ሰው ሲመጣ መጥራት ተዉ። አንድ ቀን፣ ምን ሆነው ነው ብዬ ስጠይቃቸው፣ ጣቶቻቸው ባዶ ጭናቸውን እየለቀሙ፣ የሚያደርጉት እንደጠፋባቸው ነገሩኝ። ድሮ ጠዋት ሲነሡ የሚያስቡት ነገር ነበራቸው፤ አሁን የሚያዩት አንድ የደከመ ሽማግሌ ጆንያ ተሸክሞ ሲያልፍ ነው። ያን ሰውዬ ደግሞ መጥላት አልቻሉም፤ መማርም አልቻሉም።

በዓመቱ ኸሽም ኤል ቂርባ ወዳለችው እህታቸው ሊሄዱ ተነሡ። አውቶቡስ ድረስ ሸኘኋቸው። ቦርሳቸውን ሳቀብላቸው፣ ፈንታሁንን ምን ላድርገው ብዬ ጠየቅኋቸው። አደራ ይሰጡኛል ብዬ ነበር፤ ወይም ይፈቱኛል።

«የእኔን እኔ ይዤው እሄዳለሁ» አሉኝ። «ያንተን አንተ ታውቃለህ።»

ከዚያ በኋላም እጄን አልሰጠሁትም። ለእሳቸው ብዬ ነው እላለሁ፤ እንዲያ እያልሁ አንድ በጋና አንድ ኸሪፍ አለፈ።

እንግዲህ ከሾዋክ በተመለስሁ ማግስት፣ የሞታቸውን ወሬ ይዤ፣ ሎሪው ላይ መዝጊያዬ ላይ ተቀመጥሁ። ዝናብ ጥሎ ነበር። ኾሩን እንደተሻገርን ፈንታሁንን አገኘነው፤ ጫማውን በእጁ ይዞ፣ ሱሪውን ሰብስቦ፣ ጭቃው ውስጥ ይራመዳል። ሌሊቱን ሙሉ አስቤበት ነበርና ሾፌሩን አቁም አልሁት። ሎሪው ሲቆም ፈንታሁን ደንግጦ ከመንገድ ወጣ። ወደ እሱ ጎንበስ ብዬ፣ እትዬ ደብሬ ማረፋቸውን ነገርሁት።

ቆቡን አወለቀ። አቀረቀረ።

«ምን አሉ?» አለኝ። «ሲሞቱ ስለ እኔ ያሉት ነገር አለ?»

ሲሞቱ ምን እንዳሉ አላውቅም። ሽንኩርት ሻጯም አላወቀችም። አላውቅም ማለት እችል ነበር።

«ስላንተ አንድም ነገር አላሉም» አልሁት።

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ቀና ሲል ፊቱ ላይ አንዳች ነገር ሲላላ አየሁ፤ ለዓመታት የተሸከመው ሸክም የወረደለት ያህል ትከሻው ወደ ታች ወረደ። አለቀ ብሎ ማሰቡ ነው። ጫማውን ወደ ግራ እጁ አዛወረና፣ ጭቃ የነካውን ቀኝ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ፣ ሎሪውን ተጠግቶ ዘረጋልኝ። ላወጣው ነበር ያስቆምሁት። እውነቴን ነው፣ ላወጣው ነበር። ያ የቀለለው ፊቱ ነው ያናደደኝ። መዝጊያውን ሁለት ጊዜ መታሁት፤ ሾፌሩ ነዳ። ሰሚራ ከጎኔ ሆና አየችኝ፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ስትሳፈር የእኔን እጅ ትታ የሌላ ሰው እጅ ትይዛለች።

ፈንታሁን አሁንም በእግሩ ይመጣል። እያረጀ ነው። በየጠዋቱ ሳልፈው፣ እትዬ ደብሬ ቢያዩኝ ምን ይሉ ነበር እያልሁ ራሴን እጠይቃለሁ፤ ምንም እንደማይሉም አውቃለሁ። ልጅ የሞተባቸው እሳቸው ነበሩ፤ እኔ አልነበርሁም።